መንታ ድንች፣ መንታ ጓንት

ጥያቄ

ይድረስ ለቃላት ዓምድ አዘጋጅ። ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአየርላንድ፣ ከደብሊን ነው። እዚህ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የላትቪያ ሴት አለች፤ በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ ዝምተኛ ናት። ባለፈው ታኅሣሥ አውቶቡስ ስጠብቅ እጄን በትንፋሼ ሳሞቅ አየችኝና በሳምንቱ በገዛ እጇ የሠራችውን የሱፍ ጓንት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቀይ ነው። ጀርባው ላይ በነጭ ክር የተሠራ ምልክት አለው፦ ሁለት ዘንጎች ከላይ ተጠላልፈው ጫፋቸው ወደ ውጭና ወደ ታች የታጠፈ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላት «ዩሚስ» አለችኝና ሁለት ጣቶቿን አጣብቃ አሳየችኝ። የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ እዚያ ላይ አለቀ።

ሌላው ባልደረባችን ስልኩን አውጥቶ ፈለገና «የመራባት ምልክት ነው» ብሎ ሳቀ። ጋሼ፣ ካገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ ልጅ የለኝም። ኩሽናው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። በጣም ከፋኝ፤ ጓንቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ነገሩን አብራኝ ለምታስቀድስ እህት ባጫውታት ደግሞ «የጣዖት ስም ነው፣ አቃጥይው» አለችኝ። እርስዎ በወጣትነትዎ ሪጋ እንደተማሩ ከዚህ በፊት ጽፈው አንብቤአለሁ። ቃሉ በእውነት ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ጣዖትስ ነው? ሴትዮዋንስ ከዚያ ወዲህ በደንብ አላናገርኳትም፤ ምን ብያት፣ ምን ሰጥቻት ልታረቃት?

እ.፣ ከደብሊን

መልስ

ልጄ፣ አታቃጥይው። የላትቪያ ሴት አንድ ጥንድ ጓንት ስትሠራ ስንት ማታ እንደምትቀመጥ ስላየሁ ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ። የቀረውን ቁጭ ብለን እናውራው፤ ደብዳቤሽን ሳነብ የተረሳኝ አንድ ድንች ትዝ ብሎኛል።

ከስልኩ እንጀምር። ያ ባልደረባሽ ያነበበው ውሸት አይደለም፤ ግን ቃሉን ገፍፎ አጥንቱን ነው የሰጠሽ። «መራባት» እኛ ስለ ጥንቸልና ስለ ትንኝ የምንለው ነው። ላትቪያዎች ለምነት ወይም ወላድነት ሲሉ፣ የግብርና ባለሙያው ስለ አፈር፣ ሐኪሙም ስለ ታካሚው ሲናገር፣ የሚጠቀሙበት ሌላ ቃል አላቸው፤ «አውግሊባ» ይሉታል። አሠራሩ ለእኛ ሰው ቀላል ነው። «አውግት» ማደግ ነው፤ ከእሱ «አውግሊስ» ወጣ፣ ፍሬ ማለት ነው፤ በጫፉ የምትቀጠለው «ኢባ» የእኛዋን «ነት» ትመስላለች። ስለዚህ «ፍሬነት» እንደማለት ነው። ይህ «አውግ» የሚለው ሥር ሩቅ አገር ዘመድ አለው። ላቲኖች «አውጌሬ» ሲሉ ማብዛት፣ ማሳደግ ማለታቸው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር የማዕረግ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው፤ ፈረንጆቹ ኦገስት የሚሉት ወርም ከእሱ። እንግዲህ ሴትዮዋ ስለ መውለድ ልትነግርሽ ፈልጋ ቢሆን ኖሮ አፏ ላይ ያለው ቃል ይህ ነበር። አላለችውም። «ዩሚስ» ነው ያለችሽ።

አሁን ወደ ድንቹ።

ሪጋ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የውጭ አገር ተማሪ ከከተማ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ማኅተም የሚመታባት ወረቀት። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ አንድ የክፍል ጓደኛዬ አያቱ ዘንድ ሊወስደኝ ፈለገና ወረቀቷን ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ተመላለስን። አገሩ ቪድዜሜ ይባላል፤ ጼሲስ ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ፣ በርች የሚባለው ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ የበዛበት፣ ዳገቱ ለስላሳ የሆነ አገር ነው። እኔ የምሄደው ለሽርሽር መስሎኝ አንድ ያለችኝን ደህና ጫማ አድርጌ ነበር። አያትየዋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ምንም ሳይሉ የሟች ባላቸውን ቦት ጫማ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ለካ የመጣነው ድንች ልንለቅም ኖሯል።

ቀኑን ሙሉ አጎንብሰን ስንለቅም አንድ የሚያስቅ ድንች እጄ ገባ። ሁለት ድንች ወገብ ለወገብ ተጣብቀው፣ መሀላቸው ሸንተረር ያለው። የተበላሸ መስሎኝ ለአሳማ ወደሚሄደው ባልዲ ወረወርኩት። አያትየዋ ከሁለት ፈር ማዶ ነበሩ፤ እንዴት እንዳዩት ዛሬም ይገርመኛል። ወገባቸውን ይዘው መጡ፣ ባልዲው ውስጥ ገቡበት፣ ድንቹን አወጡ፣ አፈሩን በሽርጣቸው ዳር ቀስ ብለው ጠረጉ፤ ልክ የሕፃን ፊት እንደሚጠረገው። «ዩሚስ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ልጄ፣ ሁለት ጣቶቻቸውን አጣበቁልኝ። ደብዳቤሽ ላይ ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ማታ ድንቹ የኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ለብቻው። ሌላው በጆንያ ተከቶ ወደ ምድር ቤት ወርዷል። ጓደኛዬን ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም በሩስኛ «ፕሎዶሮዲዬ» አለኝ፤ የመሬት ለምነት ማለት ነው። እኔም ደብተሬ ላይ «ዩሚስ፦ ለምነት» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬም እንደ ስልኩ መሆኑ ነበር። ያቺን ስሕተት ዓመታት ተሸክሜአት ኖርኩ።

ዩሚስ በመጀመሪያ ለምነት አይደለም። መንታ ነው። በአንድ አገዳ ላይ ሁለት ዛላ ሲወጣ፣ ሁለት ለውዝ በአንድ ልባስ ሲገኝ፣ ሁለት ፖም ተጣብቀው ሲበስሉ፣ የኔ ቢጤው ድንችም፣ ያ ነገር ራሱ ዩሚስ ይባላል። ዛሬም ላትቪያ ውስጥ ገበያ ላይ የተጣበቀ ካሮት ያገኘ ሰው «ዩሚስ አገኘሁ!» ሊል ይችላል፤ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ብቻ የሚኖር አይደለም። ለምነቱ ከዚያ የመጣ ነው። መሬት ከአንድ ዘር አንድ ትሰጣለች ብለሽ ስትጠብቂ ሁለት አድርጋ ስትሰጥሽ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ያንን የሆነ ነገር ነው በስም የጠሩት።

ቃሉ ከየት መጣ ላልሽው፣ ላትቪያኛ ከሊትዌንያኛ ጋር ሆኖ ከባልት ቋንቋዎች በሕይወት የተረፈ ነው፤ ሦስተኛቸው የጥንቱ ፕሩስኛ ሞቶ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል። እነዚህ ቋንቋዎች በጥንታዊነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ሌላው ዘመዳቸው የጣለውን አሮጌ ዕቃ ቆጥ ላይ አስቀምጠው ቆይተዋል። «ዩሚስ»ን የቋንቋ ሊቃውንት የሚያዛምዱት ከሳንስክሪቱ «ያማ» ጋር ነው፤ መንታ ማለት ነው። በሕንዶች ጥንታዊ መዝሙር ያማ የመጀመሪያው ሟች ሰው ነው፤ ያሚ የምትባል መንታ እህት አለችው። ፋርሶች ዘንድ «ዪማ» ሆነ፤ ዛሬ ጀምሺድ የሚባለው ስም የመጀመሪያው ግማሽ ያው ዪማ ነው። በሰሜን፣ በኖርዲኮች ተረት፣ ዓለም ከሥጋው የተሠራው ግዙፍ ሰው «ዩሚር» ይባላል። አስቢው እስኪ፦ በሌላው አገር ስሙ ንጉሥ ሆነ፣ የሙታን ጌታ ሆነ፣ ዓለም የተሠራበት ግዙፍ ሆነ። ላትቪያ ሲደርስ ገብስ ማሳ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ላትቪያዎችን የምወዳቸው በዚህ ነው።

ሌላ ሐሳብም አለ። ላትቪያኛ ጣራን «ዩምትስ» ይላል፤ መክደን ደግሞ «ዩምት» ነው። አንዳንዶች ዩሚስን ወደዚህ ይስቡታል። ለዓይን ያሳምናል፤ የድሮ የገጠር ቤታቸው ጣራ ጫፍ ላይ ሁለት ሳንቃዎች ተጠላልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጫፋቸው እንደ ፈረስ ራስ ወይም እንደ አውራ ዶሮ ይቀረጻል፤ ጓንትሽ ላይ ያለውንም ምልክት ቁጭ ነው። ግን እኔ ከመንታው ጋር ነኝ። ድንች ጣራ የለውማ።

አጨዳቸውን ደግሞ ልንገርሽ፤ የነገሩ ሥጋ ያለው እዚህ ነው። ጥቁሩን ዳቦ የሚጋግሩበት ራይ የሚባል የስንዴ ዘመድ አላቸው። አጨዳው ሊያልቅ ሲል አጫጆቹ ከየዳሩ እየከበቡ ይመጡና ዩሚስ እየሸሸ እየሸሸ የመጨረሻዋ ቁራጭ ውስጥ ይገባል ይባላል። ስለዚህ የመጨረሻዋን እፍኝ አገዳ ዝም ብለሽ አታጭጃትም፤ «ዩሚስን መያዝ» ይሉታል። በየአካባቢው ይለያያል፦ አንዱ ጋ ሳይቆረጥ ተቋጥሮ፣ ዛላው ወደ መሬት ታጥፎ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ከዛላው የታሸ ፍሬ እዚያው አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ይህ ዩሚስ ማሳው ላይ እንዲከርም ነው። ሌላው ጋ እንደ ነዶ ወይም እንደ አክሊል ተጎንጉኖ እየተዘፈነ ወደ ቤት ይሄዳል፤ የቤቲቱ እመቤት ትቀበለዋለች፣ ጎተራ ውስጥ ይሰቀላል። ጎተራቸው «ክሌትስ» ይባላል፤ እህል ብቻ የሚቀመጥበት እንዳይመስልሽ፣ የልጃገረዶቹ የጥሎሽ ሳጥንም እዚያ ነው። በጸደይ ያ የተሰቀለው ዛላ ይወርድና ፍሬው ከዘሩ ጋር ተቀላቅሎ ይዘራል። እንዲህ እያለ የዓምናው መጨረሻ የዘንድሮው መጀመሪያ ይሆናል። የአያትየዋ ድንች መስኮት ላይ ምን ትሠራ እንደነበር የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ዘፈኖቹ በስሙ ሲጠሩት «ዩሚቲስ» ይሉታል፤ ዩሚስዬ እንደማለት ነው፤ ሰው በግና ልጁን በሚያቆላምጥበት መንገድ። እነዚህ አራት አራት መስመር ያላቸው አጫጭር ዘፈኖች «ዳይና» ይባላሉ። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባል ጢሙ ደረቱን የሚሸፍን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስባቸው ኖረ። ሞስኮ ውስጥ በአስተማሪነት ሲሠራ በ1880 እ.ኤ.አ. መሳቢያ ብቻ የሆነ ቁም ሣጥን አሠራ፤ ከየገጠሩ በደብዳቤ የሚላክለትን ዘፈን በጣት በምታክል ቁራጭ ወረቀት እየገለበጠ በየመሳቢያው ደረደረው። ከ1894 እስከ 1915 ድረስ በስድስት ቅጽ ሲያሳትመው 217,996 ዘፈን ሆነ። ዩኔስኮ ቁም ሣጥኑን በ2001 የዓለም የመዛግብት ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል፤ ዛሬ ሪጋ በዳውጋቫ ወንዝ ዳር ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይታያል። እዚያ ውስጥ ያለው ዩሚስ ምን የሚለመን ይመስልሻል? ገብስ፣ ራይ፣ ሆፕስ የሚባለው የእነሱ ጌሾ፣ ጠላ የሚጠመቅበት ብቅል። ዳቦ። በጣም የምድር ሰው ነው።

አልዋሽሽም፤ ከልጅ ጋር የሚያገናኘውም ነገር አለ። መንታ ለውዝ የበላች ሴት መንታ ትወልዳለች የሚል የቆየ አባባል አላቸው፤ መንታ ሙዝ ያገኘች ነፍሰ ጡር በእኛም አገር የምትሰማው ቀልድ ነው። አዲስ ሙሽራም በዚህ ምልክት ያሸበረቀ ነገር ይሰጣታል። ነገር ግን እሱም ቢሆን ማኅፀን መቁጠር አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ቤት ሲገባ መንታ ፍሬ ሆነ ማለት ነው፤ ሁለት ዛላ፣ አንድ አገዳ። ዩሚስ ለመሆን የሚያስፈልገው ሦስተኛ አይደለም፤ ሁለተኛ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ያለ ማንም ጭማሪ ዩሚስ ናችሁ፤ ይህን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም፣ የቃሉ ፍቺ ስለሆነ ነው።

ወደ አማርኛ አምጣው ብትይኝ «ለምነት» አልልም፤ ደብተሬን ሰርዤአለሁ። «በረከት» ይቀርበዋል፤ አውድማ ላይ እህሉ ሲሰፈር ከቁናው ቁጥር በላይ ሆኖ ሲገኝ የሚባለው ዓይነት በረከት። ግን በረከት መንታነቱን ያጠፋበታል። «መንታ ፍሬ» ብለሽ ብትተዪው ይሻላል፤ ቅኔውንም ለሰሚው ተይለት።

አሁን ጣዖት ነው ወይ ወደሚለው። እኔ የነፍስ አባትሽ አይደለሁም፤ ያንን ለእሳቸው ተይና ታሪኩን ብቻ ልንገርሽ። የጀርመን ጳጳስና ባላባት ሪጋን የቆረቆሩት በ1201 ነው፤ ክርስትናውን ያመጡት በሰይፍ ነበር። ገበሬው ተጠመቀ፤ ማሳው ላይ ግን የሚያውቀውን ዘፈን አልጣለም። ከጊዜ በኋላ የዩሚስ በዓል ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ተዛመደና «ሚኬሊ» ተባለ፤ መስከረም 29 በእነሱ፣ በእኛ መስከረም 19 መሆኑ ነው። የድሮው ሥርዐት ይዋል የሚሉት ደግሞ ሌሊቱና ቀኑ እኩል በሚሆንበት ቀን ያከብሩታል፤ እሱም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ወይም 13 ገደማ ይውላል። አሥራ ሁለት! ከሚካኤል አላመለጡም።

ጓንቱ ላይ ያለው ምልክት «የዩሚስ ምልክት» ተብሎ እንዲታወቅ ብዙ የሠራው ሰዓሊው ኤርነስትስ ብራስቲንሽ ነው። በ1923 ስለ ላትቪያ ጌጣጌጥ ጥለት መጽሐፍ አወጣ፤ ለየጥለቱ ከጥንት አማልክት ጋር የሚያያዝ ስም ሰጠው። የድሮውን እምነት እንደ ሃይማኖት ለማቋቋምም ተነሥቶ ነበር፤ ሶቪየቶች ይዘው በ1942 ገደሉት። ገጠር ያሉት ሴቶች ግን ከእሱ በፊትም ይህንኑ ጥለት ይሠሩ ነበር። እሑድ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሄደው መዝሙር ዘምረው ሲመለሱ እጃቸው ላይ ያለው ይኸው ጓንት ነው፤ ብርድ ነዋ። ስለዚህ ያቺ እህትሽ «ጣዖት» ያለችው ነገር ለአብዛኛው ላትቪያዊ ለእኛ የጥበብ ቀሚስ ጥለት እንደሆነው ነው። በ2006 ሪጋ ላይ የኔቶ ስብሰባ ሲደረግ ለእንግዶቹ 4,500 ጥንድ ጓንት በእጅ ተሠርቶ ታድሏል፤ ጄኔራሎቹን ሊያስመልኳቸው አልነበረም።

ስለ ጓንት ስጦታም አንድ ነገር ጨምሬ ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልሂድ። የላትቪያ ልጃገረድ ከትንሽነቷ ጀምራ ለጥሎሽ ሳጥኗ ጓንት ትሠራ ነበር። «ፑርስ» ይሉታል ሳጥኑን። መቶ ጥንድና ከዚያም በላይ የሞላላት ነበረች። በሠርጓ ቀን ለአማቷ፣ ለአማቿ፣ ለባሏ ወንድሞች፣ ለሠረገላ ነጂው ሳይቀር ታድላለች፤ አዲሱ ቤት ስትገባ ምድጃው ላይ፣ ጉድጓድ ውኃው ዳር፣ ላሞቹ በረት ታስቀምጣለች። ጓንት መስጠት ማለት እንግዲህ «ቤተሰቤ ነህ» ማለት ነበር። ዝምተኛዋ ባልደረባሽ ምን እንዳሰበች ለማወቅ ከዚህ አትራቂ፤ እጅሽ በርዶት አየች፣ በሳምንቱ ይዛ መጣች። የሳቀው ሌላ ሰው ነው። የሱን ሳቅ በሷ ዕዳ አትመዝግቢው።

ምን ልስጣት ላልሽው። ኩሽና ሠራተኛ ለኩሽና ሠራተኛ የምትሰጠውን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን ከጠየቅሽኝ፣ ዳቦ ጋግሪላት። ሽቶና ቸኮሌት አትግዢ። ለላትቪያ ሰው ዳቦ የተለየ ነገር ነው፤ መሬት የወደቀ ቁራሽ አንሥተው ሲስሙ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አያትየዋ ራሳቸው። ድፎ ዳቦ ከነቅጠሉ ቢሆን የበለጠ ነው፤ እዚያ ኮባ ካጣሽ ያለ ቅጠሉም ይሆናል። ከላዩ ትንሽ ጨው በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪበት፤ ለአዲስ ቤት ዳቦና ጨው ይዞ መሄድ ልማዳቸው ስለሆነ ይገባታል። ቡናም አብረሽ ብትቆይላት ትጠጣለች፤ ጥቁሩን፣ በትልቅ ኩባያ፣ እንደ ሻይ። አትታዘቢያት።

ስትሰጫት ደግሞ «ፓልዲየስ» በያት። አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ «ዲየስ» የሚለው ላይ ጠበቅ አድርጊ። በየቀኑ የሚሉት ተራ ቃል ነው፣ ብዙዎቹም ውስጡን አያስቡትም፤ ሲፈታ ግን «ፓሊድዝ ዲየቭስ» ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳ። እሷ ያንን ስትሰማ መሳቋ አይቀርም። አንቺም «እግዜር ይስጥልኝ»ን አስተምሪያት።

የመታጠብ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ ሱፍ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ፣ ሳትጠመዝዢ፣ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። እኔ የተሰጠኝን በፈላ ውኃ አጥቤ አውራ ጣቴ ብቻ የሚገባበት አድርጌዋለሁ።